ጥንድ የሌለው አጥንት

አያ አለበል ወጌሻ ናቸው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ባጃጅ ተሳፍሮ ቤታቸውን የሚጠይቅ የለም፤ ሾፌሩ የተሳፋሪውን ክንድ ወይም እግር አይቶ የት እንደሚያወርደው ሳይነገረው ያውቃል።

ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሙያውን ከአባታቸው ወረሱ፤ አባታቸውም ከአባታቸው። ከሾላ ዛፍ የወደቀ፣ በሬ የወጋው፣ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ከሞተር ብስክሌት የተወረወረ፣ ሁሉም እደጃቸው ካለው ግራር ሥር ተቀምጦ ጮኋል። ራጅ ተነሥቶ የሚመጣም አለ። አያ አለበል ራጁን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው፣ በአክብሮት ያዩትና ጎን ያስቀምጡታል። የሰውን ልፋት ላለመናቅ ነው እንጂ የሚያምኑት አውራ ጣታቸውን ነው።

ዘዴያቸው አንዲት ናት፤ ከማንም አይደብቋትም። «እግዜር አጥንትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የፈጠረው» ይላሉ። «ቀኙ ቢሰበር ግራውን ጠይቀው፤ ይነግርሃል።» ስለዚህ የታመመውን ከመንካታቸው በፊት ጤነኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳስሳሉ። ጉብታውን፣ ስርጉዱን፣ የት ላይ እንደሚሳሳ ያጠኑና ከዚያ በኋላ ወደ ተሰበረው ይሻገራሉ። እንደዚህ ሲያደርጉ የሳቱበት ቀን የለም ማለት ይቻላል።

ማለት ይቻላል ያልኩት አንድ ስላለ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው አምለሰት በሰባት ዓመቷ ከበቅሎ ወድቃ ቀኝ ክንዷ ከክርኗ ዝቅ ብሎ ተሰበረ። ያሰሯት ራሳቸው ነበሩ። ስንት ጎረምሳ ሲጮህ ያልተንቀጠቀጠው እጃቸው የገዛ ልጃቸው «አባባ!» ስትል ተንቀጠቀጠ፤ አጥንቱም ጠሞ ገጠመ። አምለሰት ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቡሬ ከተማ ውስጥ ጸጉር ትሠራለች፤ ክንዷም እንደተቆለመመ አለ። ሰፈርተኛው እሷን ሲያይ ሳቅ ብሎ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይላል። ያች ተረት ጆሯቸው የገባች ዕለት አያ አለበል እህል አልቀመሱም።

ዘንድሮ ቆረጡ። ጉልበታቸው ሳይከዳቸው፣ ዓይናቸው ሳይፈዝ፣ ክንዱን መልሰው ሰብረው ሊያቀኑት። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲሆን ተወሰነ። አምለሰት ሥራዋን ዘግታ ከቡሬ መጣች፤ አባትየውም አጥንቱ እንዲላላ ጠዋት ጠዋት በለጋ ቅቤ ያሹት ጀመር። እሷ ስለ ነገሩ ምን እንደምታስብ የጠየቃት አልነበረም። «እሺ አባባ» ብላለች። በአባቷ ፊት ከ«እሺ» ሌላ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ሌሊት ግን ክንዷን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር የምትተኛው።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ ነው ወፏ የመጣችው።

ማክሰኞ ማታ ወቅቱ ያልሆነ ዝናብ ከነፋስ ጋር ወርዶ የሰዉን ጤፍ አጋድሞት አደረ። ማለዳ ላይ ጎረቤታቸው ንብረት ጤፉን ሊያይ ወጥቶ፣ በጋቢው አንድ ነገር ጠቅልሎ እየሮጠ መጣ።

«እንደምን አደሩ አያ አለበል። ታካሚ ይዤልዎ መጣሁ።»

«ማን ነው?»

«እሱን እንኳ አንቱ ይንገሩኝ» አለና ጋቢውን ገለጠ።

ከጋቢው ውስጥ መጀመሪያ አንገት ወጣ። አንገቱ አላልቅ አለ። ቀጥሎ የቀይ ሽንኩርት የውስጥ ልጣጭ የመሰለ ላባ፣ ከዚያ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠን እግር። ስትመዘን ከአንድ ቄብ ዶሮ አትበልጥም። ስትቆም ግን የአያ አለበልን ወገብ አለፈች። ዓይኗ ብርቱካንማ ነው። አልጮኸችም፤ አልተራገጠችም፤ ደክሟት ነበር።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ዝይ ናት ያለ ነበር፤ ዝይ አይደለችም። ቆቅም ሳቢሳም አይደለችም። የቁራን ጥቁርነት፣ የእርግብን ነጭነት ያየ ሰው የዚህችን ቀለም ከየት ያምጣው? አንዲት አሮጊት አማተቡና ራቅ ብለው ቆሙ፤ ግን አልሄዱም፤ ማየት አማራቸው።

«ኧረ በሚካኤል፣ ጉልበቷ ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው!» አለ ንብረት። «እዩት፣ ወልቋል!»

አያ አለበል ተቀመጡ። ወፏን በጭናቸው መሐል ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑና ግራውን እግር ዳሰሱ፤ ከዚያ ቀኙን። ሁለቱም አንድ ነው። ሁለት ጉልበት ባንድ ሌሊት እኩል አይወልቅም። ትንሽ አሰቡና ዶሮ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። የዶሮዋንም እግር ከታች ወደ ላይ ዳሰሱ። ከዚያ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

«ይህ እኮ ጉልበት አይደለም፤ ተረከዝ ነው። ጉልበቷ እዚህ ላይ፣ ላባው ውስጥ ተሸሽጓል። ዶሮይቱም እንዲሁ ናት፤ ስንቱን ዓመት በልተናት ልብ አላልነውም። ይህች ፍጥረት ዕድሜዋን ሙሉ በእግር ጣቷ ቆማ ነው የምትኖረው!»

ሰዉ አደነቀ። አንዳንዱ ቤቱ ሄዶ የዶሮውን እግር መዳሰሱ አልቀረም። አያ አለበልም ደስ አላቸው፤ የሳቱትም ከደስታቸው የተነሣ ነው ብል አልዋሽም። ሰው አንዴ ሲሳካለት ሁለተኛውን ሳይመረምር ይረግጣል።

ምንቃሯን አዩ። ወፍራም፣ ጫፉ ጥቁር ነው፤ እመሐሉ ላይ ግን እንደ ታጠፈ ጣት ወደ ታች ተሰብሯል። እንደ ልማዳቸው ጥንዱን ፈለጉ። ምንቃር ጥንድ የለውም። ጥንድ የሌለው አጥንት ሲገጥማቸው የመጀመሪያቸው ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ስለ እግር እውነቱን የነገረቻቸውን ዶሮ ስለ ምንቃርም ጠየቋት። የዶሮዋ ምንቃር ቀጥ ያለ ነው።

«ነፋሱ ካንድ ነገር ጋር አላትሟታል» ብለው ፈረዱ። «ሙሉ ስብራት አይደለም፤ ጎብጧል። ቀስ በቀስ ይቃናል።»

አራት የቀርከሃ ስንጥሮች ላግ አድርገው አለሰለሱ። የምንቃሯን መታጠፊያ ለአምለሰት ክንድ በተቀመጠው ቅቤ አሹና፣ ስንጥሮቹን ገጥመው በጥጥ ክር ጠመጠሙ፤ ውኃ እንድትጠጣ ጫፉ ላይ ትንሽ ክፍተት ተዉላት። አምለሰት ወፏን በቆልማማ ክንዷ ደግፋ ይዛ ነበር። ያው ቅቤ፣ ያው ስንጥር፣ ያው ክር። ወፏ በብርቱካን ዓይኗ ሽቅብ አየቻት። አምለሰት ዓይኗን ወደ ግራሩ አዞረች።

ያን ቀን ወፏ ምንም አልበላችም። የገብስ ዱቄት በውኃ በጥብጠው ሰጧት፤ ዝም። ጥሬ በተኑላት፤ አልፋው ቆመች። ንብረት «ረቡዕ አይደል? ጾም ላይ ናት፤ አጥብቃ የምትጾም ክርስቲያን ወፍ ናት» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ሐሙስም አልበላችም። ሐሙስ ዕለት ቀልዱ አላሳቀም።

በአንድ እግሯ ቆማ ነበር ያደረችው። አያ አለበል ሌላኛው አመማት ብለው አሥር ጊዜ ዳሰሱት፤ ጤነኛ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። ውኃ ባቀረቡላት ቁጥር አንገቷን እስከ መሬት ታወርድና ራሷን ገልብጣ፣ አናቷ ወደ መሬት ምንቃሯ ወደ ራሷ እግር ዞሮ፣ ሳፋው ውስጥ ትዘቀዝቀዋለች። ስንጥሩ ከሳፋው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ቋ ቋ ይላል። ደጋግማ እንዲሁ ታደርጋለች።

«ሕመሙ ነው የሚያገላብጣት» አሉ አያ አለበል፤ ግን ድምፃቸው እንደ ረቡዕ አልነበረም።

«አባባ፣ ሁልጊዜ በዚያው በኩል እኮ ነው የምትገለብጠው» አለች አምለሰት ቀስ ብላ።

እሳቸው የሳፋውን ውኃ ሊቀይሩ ተነሡ። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ወፏን ፎቶ አነሣችና፣ ቡሬ ላለው የከብት ሐኪም ለይታገሱ ላከችለት፤ እህቱን ሹሩባ የምትሠራት እሷ ናት። ኔትወርኩ እንደ ነገሩ ነው። አመሻሽ ላይ ይታገሱ ደወለ።

«ፍላሚንጎ ናት!» አለ። «ከወዴት አባቷ መጣች? የስምጥ ሸለቆ ወፍ ናት እኮ፤ እነ አቢያታ፣ እነ ሻላ፣ ጨዋማው ሐይቅ ላይ በሺ ሆነው ነው የሚኖሩት። እዚያ ውኃ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር አለ፣ እሱን ነው የምትበላው። ቀለሟም ከዚያ ነው የሚመጣው። ፎቶው ላይ ምንቃሯን ምን...» ሲል መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ቢደውሉ አልገባ አለ።

ግራሩ ሥር ትልቅ ክርክር ተነሣ። አረንጓዴ በልታ እንዴት ቀይ ትሆናለች? አያ አለበል ይህ ነገር ከነከናቸው። «ላሚቱስ አረንጓዴ በልታ ነጭ ትሰጠን የለም?» አለ ንብረት። ከዚያ የተሻለ መልስ ያመጣ ሰው ስላልነበር ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ። አያ አለበል ግን ሌሊቱን አልተኙም። ወፏ እያለቀች ነው። ሰው ቢሆን «ሆስፒታል ውሰዱት» ይሉ ነበር፤ ሙያ ማለት ወሰንን ማወቅም ነው። ይህችን ወዴት ይላኳት? እጃቸው ላይ ሰው ሞቶባቸው አያውቅም። ወፍ ልትሞትባቸው ነው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ አምለሰትን ቀሰቀሷት። «ያዥልኝ፤ ክሩን ላላ ላርገው» አሉ።

አምለሰት ወፏን አቀፈች። ስንጥሮቹ ወረዱ። አያ አለበል መታጠፊያውን በአውራ ጣታቸው ነኩት። ስብራት ትኩሳት አለው፤ ይህ ቀዝቃዛ ነው። ስብራት በሦስተኛ ቀኑ ያብጣል፤ ይህ አላበጠም። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ወፏ በዚህ መሐል አፏን ትንሽ ከፈት አደረገች፤ አምለሰትም በጣቷ ከንፈሩን ዳበሰችው። ጸጉር ሠሪ ናትና ምን እንደነካች ወዲያው አወቀች።

«አባባ፣ ሚዶ አለው።»

«ምን አለው?»

«ሚዶ። ይንኩት እስቲ። ዳርና ዳሩ ሙሉ ሚዶ ነው፤ የኔ ደቃቁ ማበጠሪያ እንኳ እንዲህ አይደቅም።»

አያ አለበል ጣታቸውን አስገቡ። እውነት ነው። ከምንቃሩ ሥር ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ጥርሱ ችምችም ብሎ ተደርድሯል።

«ሚዶ ሲሰበር ምን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቋት።

«ከስብራቱ ላይ ጥርሱ ይረግፋል።»

«እስቲ መታጠፊያው ላይ ያለውን እይው።»

አየችው። «አንድም አልጎደለ። ሚዶው ዐብሮት ነው የታጠፈው አባባ።»

አያ አለበል ጣታቸውን ከምንቃሩ አወጡ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለካ ጣትንም ይጨምራል። ስንጥሮቹን ከመሬት አነሡና ወዲያ ወረወሯቸው። «ጤነኛ ነው» አሉ። «ጤነኛውን ነው ሦስት ቀን ያሰርኩት።» ፊታቸው አመድ መሰለ። አፈሩ፤ ከማፈር በላይ ፈሩ።

ወዲያው ግን ብድግ አሉ። «ጨዋማ ውኃ አላለም ልጁ? አረንጓዴ ነገር አላለም?»

ከሰፈሩ በታች አምቦ አለ፤ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ ጨው ጨው የሚል ውኃ። የአካባቢው ሰው ከብቱን በየጊዜው ነድቶ የሚያጠጣው እዚያ ነው። አምቦው የሚፈስበት ጨፌ ላይ ከብት የማይበላው፣ ሰው የሚያዳልጠው አረንጓዴ ልጥልጥ ነገር ተኝቶ ይኖራል። ለምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀ ሰው ኖሮ አያውቅም። አያ አለበል ጋቢያቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወፏን ታቅፈው ቁልቁል ወረዱ፤ አምለሰት ከኋላ፤ ንብረትም ሲያልፉ አይቷቸው ተከተለ።

ጨፌው ዳር አስቀመጧት። ቆመች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሁለት። ቀጫጭን እግሮቿ ጭቃው ውስጥ አልገቡም፤ ጣቶቿ መሐል ያለው ቆዳ ተዘርግቶ ያዛት። በእግሯ ጭቃውን ረገጥ ረገጥ አደረገች። ከዚያ ያን አንገቷን አውርዳ ራሷን ገለበጠች።

አያ አለበል በደረታቸው ጭቃው ላይ ተኙ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የተከበሩ ሰው፣ በንጹሕ እጀ ጠባባቸው! ንብረት ሳቁን ለማፈን አፉን ያዘ። እሳቸው አልሰሙትም። አገጫቸውን ውኃው ዳር አስደግፈው ያዩ ነበር።

«አምለሰት፣ ነይ ተኚ! ነይ እይ!»

ምንቃሩ ሲገለበጥ ያ ጉብጠቱ ጠፋ። ውኃው ላይ ልክ እንደ ማንኪያ ተንጋልሎ፣ ከውኃው ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ገጠመ። ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ውኃው በአንድ በኩል ይገባል፣ በሚዶው በኩል ይወጣል፣ አረንጓዴው ውስጥ ይቀራል። የላይኛው መንጋጋ ሳይቀር ይንቀሳቀሳል፤ አያ አለበል የላይኛው መንጋጋው የሚንቀሳቀስ ፍጥረት ከዚያ በፊት አላዩም።

«ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮኮ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ «ጫፉ ብቻ ነበር ውኃውን የሚነካው። እኔ ባቀናው ኖሮ በረኀብ ትሞት ነበር።»

ወፏ አሥራ አንድ ቀን ጨፌው ላይ ሰነበተች። አገሩ ሁሉ ወርዶ አያት፤ አንዳንዱም ወደ ቤቱ ሲመለስ አያ አለበል እንዳደረጉት በደረቱ ተኝቶ ስላየ ጭቃ ተለውሶ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የለችም። ወዴት እንደሄደች ይታገሱም አላወቀ።

ወፏ ጨፌው በወረደችበት በዚያው ዓርብ ማታ ግን አያ አለበል ስለ ቅዳሜ ቃል አልተነፈሱም። ክንዷን እንደወትሯቸው በቅቤ አሹ። አምለሰት ፊታቸውን አየች፤ ምንም አላገኘችበትም። ያን ሌሊትም ክንዷን አቅፋ አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ነገር ግራሩ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለአምለሰት የተላጉት ሰፋፊ የቀርከሃ ስንጥሮች፣ ለማሰሪያ የተቀደደው አቡጀዴ፣ ቅቤው። ንብረት ትከሻዋን አጥብቆ ሊይዝ መጥቷል። አምለሰት በርጩማው ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። አባቷ ፊት ለፊቷ ቁጭ አሉና እንደ ዘዴያቸው መጀመሪያ ግራ ክንዷን ዳሰሱ። ከዚያ ቀኙን አነሡ። አውራ ጣታቸው ቆልማማው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ያምሻል?»

አምለሰት ነጠላውን ከጥርሷ አወጣች። «ኧረ አያመኝም።»

«መቼም?»

«ከዳነ ወዲህ አሞኝ አያውቅም አባባ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን ጥያቄ አልጠየቋትም። ሁልጊዜ ግራውን ነበር የሚጠይቁት።

«ምን ትሠሪበታለሽ? አሳዪኝ።»

በአጠገቡ ያለ ሰው ንብረት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ራሰ በራ ነው። አምለሰት ዞር ዞር ብላ አየችና ለማሰሪያዋ ከተቀደደው አቡጀዴ ሦስት ቁራጭ አንሥታ የግራሩ ቅርንጫፍ ላይ አሰረች። ሹሩባ መጎንጎን ጀመረች። ቀኝ ክርኗ ወገቧ ላይ ዐረፈ፤ ከክርኗ ወደ መዳፏ ያለው ጉብጠት እጇን ራሱ ከፍ አድርጎ ጉንጉኑ ዘንድ አደረሰው፤ ትከሻዋ ሳይነሣ፣ ክንዷ ሳይንጠለጠል፣ ጣቶቿ ብቻ ይሮጣሉ። እስክትጨርስ የሚያያት ሰው ዓይኑ ይፈዛል።

«ሌሎቹ ልጆች ሁለት ራስ ከሠሩ ክንዳቸው ይዝላል» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው። «እኔ ለጥምቀት ሰሞን አሥራ አንድ ራስ እሠራለሁ። እጄ የሚያርፍበት ስላለው ነው።» ጣቶቿ ቆሙ። «አባባ፣ አይስበሩኝ።»

ንብረት መሬት መሬት አየ። አያ አለበል ብድግ አሉ። ከዚያ ሰፋፊዎቹን ስንጥሮች አንድ ባንድ ሰበሰቡና ለንብረት ሰጡት።

«ውሰድ፤ ለዶሮህ ቆጥ ይሆናል።»

«እንዴ፣ ተዉት እንዴ አያ አለበል?»

«ጤነኛ አጥንት አላስርም።» ወደ ጨፌው አየት አደረጉና «ረቡዕ ዕለት ካሰርኳት በቀር» አሉ።

ንብረት ስንጥሩን ታቅፎ ሄደ። ቅቤው ገና በጽዋው ሙሉ ነው። አያ አለበል ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ፈቱት፤ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ሸበቶ ራሳቸውን ለልጃቸው ዝቅ አደረጉላት።

«በይ፣ ይህን ቅቤ እኔን ቀቢኝ» አሉ። «በዚያኛው እጅሽ።»